ያልተቆረጠው ሎሚ

«ይሄ የእማዬ አይደለም» አለ ጉንዳን፣ የጎረሰውን ፓይ ሳህኑ ላይ መልሶ እየተፋ።

እህቱ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወንድሟን ጉንዳን ያለችው እናታቸው ናት፤ ስኳር ዕቃው አጠገብ ስለማይጠፋ። ዛሬ ስምንት ዓመት ሞላው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ልደቱ ነው፤ ምን ይደረግልህ ሲባልም የእማዬን የሎሚ ፓይ እንጂ ሌላ ነገር አልጠራም።

«ሁለት ሎሚ ጨምቄበታለሁ እኮ!»

«ታዲያ ለምን መረረ?»

ወደ ግቢው ወጣ። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻላት ነበር።

ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የቀረው ዱቄት፣ ስኳር፣ ትንሽ የገበታ ቅቤና ሁለት እንቁላል ነው። ለአንድ ፓይ ቢበቃ ነው። እናቷ ስትሠራው ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ፓይ የሚጋገር ቀን የወጥ ቤቱ በር ከውስጥ ይቀረቀራል። «ሂጂ አጥኚ አንቺ!» ትላታለች እናቷ። እሷም ከበሩ ውጭ ቆማ እንቁላል ሲመታ ብቻ ትሰማለች። አታምነኝም እያለች ስንት ቀን አኩርፋለች!

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የእናቷ የልብ ጓደኛ ነበሩ። ሮጣ ሄደች።

«ሎሚ?» አሉ፣ መርፌያቸውን ቀሚሳቸው ላይ ሰክተው። «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሎሚ ገብቶበት ያውቃል? አቼቶ ነው እንጂ! ሁለት ማንኪያ አቼቶ በውሃ፣ በእንቁላልና በስኳር በጥብጦ እሳት ላይ ማማሰል ነው።»

«ሎሚው ሁሌ ከፓዩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«ተቆርጦ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም» አለች ልጅቷ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ልጆቼ የሎሚ መግዣ ጎደለብን ብለው እንዳያስቡ ነው ትለኝ ነበር። አደራ ብላኝ ነበር እኮ፤ አፌን ይቁረጠውና!»

ቤት ስትመለስ የላይኛውን መደርደሪያ ዳበሰች። ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ከመጨረሻው ፓይ የተረፈው ሎሚ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተቀምጧል። አሸተተችው። ምንም አይሸትም።

ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በሩን ቀረቀረች። ዱቄቱን በቅቤ እያሸች ሳለ ተንኳኳ።

«እታ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሂድ ተጫወት!» አለችው፤ ድምፅዋ የእናቷን መሰላት።

አልሄደም። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የእግሩ ጣቶች ይታያሉ። የአቼቶው ጠርሙስ ከሎሚው አጠገብ ቆሟል። ከገባ የሎሚው ምስጢር አበቃለት። ካልገባ ደግሞ እዚያው ቆሞ ያዳምጣል። ያቺን ቦታ እሷ ታውቃታለች።

ዱቄት በለበሰ እጇ መቀርቀሪያውን ሳበችው።

«ግባ፤ እጅህን ታጠብ። እንቁላሉን የምትመታው አንተ ነህ። ስኳሩን ብትነካ ግን ጉድህ ይፈላል!»

ጉንዳን ደረቁን ሎሚ አየው። «ይሄ መቼ ነው የሚቆረጠው?»

እህቱ ጠርሙሱን ከፍታ ወደ አፍንጫው አስጠጋችለት።

ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ራሱ እጇን ይዞ ጠርሙሱን መልሶ አስጠጋና ደግሞ አሸተተ፤ አሁን ቀስ ብሎ።

«የእማዬ እጅ ሽታ» አለ።

እህቱ ሁለቱን እንቁላሎች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሰበረችና ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው።