የማይወድቁት ጓደኞች

አዳማ ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ አቋርጦ ለመሄድ ይቅርታ መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል። ተጫዋቹ ሲደክመው ወይም ሲሰለቸው «ምትክ» ይገባለታል፤ ምትክ ማለት የሰውየውን ድምፅ፣ ቀልድና አጨዋወት አጥንቶ በስሙ የሚጫወት ፕሮግራም ነው። ቡድኑ አይጎድልም።

የወይኒቱ ሥራ ምትኮችን መጠገን ነበር። ከስክሪን ብዛት ዓይኗ ይቆጠቁጣታል፤ ከሥራ ስትወጣም ከሰው ጋር ማውራት ይታክታታል። የዚያን ቀን ከሰዓት የደረሳት ብልሽት ግን እንግዳ ሆነባት። «የገመድ ድልድይ» በሚባለው ጨዋታ አንድ ቡድን ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም። ሁልጊዜ ድልድዩ መሐል ሲደርስ ይቆማል፤ ጎርፉ ይመጣና ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

ወደ ጨዋታው የሚያስገባትን የራስ ቁር አጥልቃ ገባች። ሦስቱ ተጫዋቾች ምትኮች ሆነው አገኘቻቸው፤ ባለቤቶቻቸው ጨዋታውን ከተዉት ከርመዋል። እውነተኛ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ደበላ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ። እሳቸው ድልድዩ መሐል ገመድ ይዘው ቆመዋል፤ ምትኮቹም ይጠብቋቸዋል።

«ጋሼ፣ ለምን አይሻገሩም?»

«ማን ነሽ ልጄ?»

«የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ምትኮቹ የተበላሹ መስሎን ነው።»

«እነሱ ምን ይበላሻሉ!» ድምፃቸው የዛለ ነበር። «ድሮ ጓደኛዬ ታደለ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ያዳልጠዋል። እየተሳደብን እንጎትተው ነበር። እነዚህ አንድም ቀን አይወድቁም። ለማይወድቅ ሰው ምን ይደረግለታል? ምናልባት አንዱን ቢያዳልጠው ብዬ እጠብቃለሁ።»

ወይኒቱ ምትኮቹ እንዲሳሳቱ ማዘዝ ትችል ነበር፤ ቀላል ነው። ግን አስጠላት። አንዱን አስወጥታ በቦታው ራሷ ገባች።

ስትጠግን ኖረች እንጂ ተጫውታ አታውቅም። ገና ጥቂት እንደተራመደች እግሯ ከጣውላው ላይ ሸርተት አለ።

«ያዢ! ገመዱን ያዢ እንጂ! ምን ዓይነቷ ዝርክርክ ነሽ!» ጋሽ ደበላ እየጮኹ ክንዷን ለቀም አደረጉ። ሲጎትቷት ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ጎርፉ ደረሰና ሁሉንም ወሰዳቸው።

ጨዋታው ወደ መነሻው ዳርቻ መለሳቸው።

«ደከመሽ?» አሏት።

«በጣም።»

«እኔንም። እስቲ አረፍ እንበል።»

ሁለቱ ምትኮች ፊታቸውን ወደ ድልድዩ አዙረው ለመነሣት ተዘጋጅተዋል፤ ከሰዎቹ ብዙ ነገር ተምረዋል፣ ድካምን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ወይኒቱና ጋሽ ደበላ ውኃው ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ።