ፊሽካው እስኪነፋ

አሰልጣኝ ሃርላን ሞቶ ተገኝቶ እንኳ ኤቢ መንሸራተቱን አላቆመም። ነገሩ የሆነው በጃንዋሪ 2006 አንድ ማለዳ፣ አንድ የዴንቨር ፕሮፌሽናል የሆኪ ቡድን አውሮራ ከተማ ውስጥ በሚለማመድበት የበረዶ ሜዳ ነው። የበረዶ ማለስለሻው መኪና ነጂ ግዛው ሬሳውን ከተጫዋቾች አግዳሚ ወንበር ሥር አይቶ «ኡኡ!» ሲል፣ ወጣቱ ተጫዋች ቀና እንኳ ሳይል ከጫፍ ጫፍ ይመላለስ ነበር። ጉድ እኮ ነው! ፖሊሶች ይዘው ነው ያስቆሙት።

መርማሪ ፍሬወይኒ ስትደርስ ምክትል አሰልጣኙ ራንዲ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«የሃርላን ጭንቅላት ተፈንክቷል። ኤቢ የሆኪ ዱላ ይዟል። ሃርላን ትናንት በቡድኑ ፊት አዋርዶታል፣ ዛሬ ደግሞ ብቻውን በበረዶው ላይ እያመላለሰ ይቀጣው ነበር። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የሟቹን እጅ ማየት» አለችው።

የሃርላን ቀኝ መዳፍ አብጦ ጠቁሯል። ኮሌታው ተቀዷል። በወንበሩ ጠርዝ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። መርዶ የሚነገረው ዘመድ ቢፈለግ ጠፋ፤ ስልኩ ውስጥ ያለው የተጫዋቾች ስም ብቻ ነው። ፍሬወይኒን ሰውየው አሳዘናት። ከዚያ ወደ በረዶው ዞራ ጭረቶቹን በዓይኗ ተከተለች።

ኤቢ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ብቻውን ተቀምጧል። ካልሲው በደም ርሷል።

«ለምን አላቆምክም?»

«ኮች ፊሽካ አልነፋም።»

«እሱ ምን እያደረገ ነበር?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ማም። አላውቅም። ቅጣት ላይ እሱን ማየት አይፈቀድም። ያየ ከቡድኑ ይወጣል።»

«ምን ሰማህ?»

«የሜዳውን ዙሪያ አጥር በመዳፉ ሲደበድብ። ፍጠን ማለቱ ነው። ፈጠንኩ።»



አባቱ ጋሽ ብርሃነመስቀል ታክሲያቸውን ከአየር ማረፊያው ተራ አውጥተው እየከነፉ መጡ።

«ልጄን ልታስሩብኝ ነው? እናቱን ቀብሬ፣ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? ለዚያ ሰውዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ! ‹ዓይኑን ብቻ ተውልኝ፣ ሌላውን እንዳሻህ ቅጣው› አልኩት፤ ለየኔታ እንደሚባለው። ሰው እንዲያደርግልኝ ብዬ!»

ከቀትር በፊት መርማሪዋ ሁሉንም በወንበሩ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ግዛው፣ ከቅጣቱ በፊት በረዶውን አለስልሰህ ነበር?»

«አሳምሬ!»

«እንግዲህ ተመልከቱ። ከዚያ ወዲህ በበረዶው ላይ የተንሸራተተ ኤቢ ብቻ ነው። የመንሸራተቻ ጫማው ጭረት በመሀል ሜዳ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ወደ ወንበሩ የታጠፈ አንድም የለም። ሊመታው ቀርቶ አልቀረበውም።»

«ታዲያ ጭንቅላቱ?» አለ ራንዲ።

«ሲወድቅ ጠርዙ ፈነከተው። ሬሳውን ያየው ሐኪም የገደለው ልቡ ነው ብሏል። ግን ወዲያው አልሞተም። አየር አጥሮት ኮሌታውን ቀደደ። ፊሽካ የሚነፋበት ትንፋሽ የለውም፤ እጁ ብቻ ቀረው። መዳፉ እስኪጠቁር አጥሩን ደበደበ። ግዛው፣ አልሰማህም?»

ግዛው አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ። የሁልጊዜው ነው ብዬ…»

«አንተስ ራንዲ?»

«ቢሮዬ ሆኜ ሰምቻለሁ። ልጁን እያፈጠነው መስሎኝ ነው። ዘዴው ይሠራል እኮ! አምና ዋንጫ የበላነው በዚያ ነው።»

«ይሠራል» አለች ፍሬወይኒ። «እንደ ዛሬ ሠርቶ አያውቅም።»

ጋሽ ብርሃነመስቀል «ተመስገን! ልጄ ነፃ ነው!» ብለው ኤቢን አቀፉት። ልጁ በእቅፋቸው ውስጥ ደርቆ ቀረ።

«ማም» አለ መርማሪዋን፣ «እኔን እየጠራኝ ነበር?»

ፍሬወይኒ መዋሸት አልቻለችም።

«አዎ።»

«በል ና ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ» አሉ አባቱ ክንዱን ይዘው። ኤቢ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ ወደ ራንዲ ዞረ።

«ኮች፣ መሄድ ይፈቀድልኛል?»