የገደቢሱ ወንበር

ራዳሜስ ያቺን ወንበር ባይነካት ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

የመጣው መብራት ሊጠግን ነው። ሳንቲያጎ ከተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም። ቢጫዎቹና ሰማያዊዎቹ ቤዝቦል በሚጫወቱበት የታኅሣሥ ምሽት መብራቱን በባትሪ የሚተካው ኢንቨርተር አብሮ ሲጠፋ ግን አገር ይያዝልኝ ያሰኛል። ዶን ኤውሴቢዮ ባትሪውን ቢለምነው፣ ቢሰድበው፣ በእርግጫ ቢለው እምቢ አለ። ልጁ ኔሬይዳ በምትሠራበት ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስልክ አስታወሰችና ደወለች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ወጣት ቢጫ ኮፍያ ደፍቶ ከች አለ።

«ኮፍያህ ጥሩ ነው፤ እጅህስ?» አለችው ባትሪ እያበራችለት።

«እጄ ከኮፍያዬ ይሻላል።»

ጨለማው ውስጥ ሳቀች። የሳቀችው ከቀልዱ በላይ ነበር፤ ሁለቱም ያንን አውቀዋል።

ቴሌቪዥኑ ብልጭ ሲል ዶን ኤውሴቢዮ ከመቀመጫው ዘለለ። «ልጄ፣ ተባረክ! ቁጭ በል! አንድ ሙሽራ ስጡት!»

እዚያ ሰፈር ሙሽራ የሚሏት ከቅዝቃዜ ብዛት ነጭ የለበሰችውን ቢራ ነው። ይሁንና ጎረቤታቸው ዶኛ ታቲካ ወጣቱንም ኔሬይዳንም አፈራርቃ አየቻቸው። ዶኛ ታቲካ ለሰማያዊዎቹ ሟች ናት። ኢንቨርተር ስለሌላት ብቻ ነው ጠላት ቤት፣ የቢጫዎቹ ደጋፊ ቤት መጥታ ጨዋታ የምታየው።

«ሙሽራዋን ከፍሪጅ ነው የምትፈልገው፣» አለችው «ወይስ ከወዲህ በኩል?»

ራዳሜስ የሚገባበት ጠፋው። ከማፈሩ የተነሳ መስኮቱ ሥር ካለችው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ያቺ ወንበር የኔሬይዳ እናት ወንበር ናት። ከሞተች ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም። ኔሬይዳ «እዚያ ላይ እንኳ...» ብላ ሳትጨርስ የሰማያዊዎቹ መቺ ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት።

ዶኛ ታቲካ እልል አለች። ዶን ኤውሴቢዮ ግን የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ወንበሯን ነበር።

«ገደቢስ» አለ ቀስ ብሎ።

በዚያ አገር ገደቢስ መባል ቀልድ አይደለም። ሌባ የተባለ ሰው ይከራከራል፣ ምስክር ይጠራል። ገደቢስ የተባለ ሰው ማንን ይጠራል?

ራዳሜስ ከዚያ ወዲህ ፀጉር ቤቱን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ደህና የሚሠራ ባትሪ ይፈታል፣ መልሶ ይገጥማል፤ በመሐል ኔሬይዳን በመስታወቱ ውስጥ ያያታል። እሷም የደንበኛዋን ፀጉር እያደረቀች ታየዋለች። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ «እመቤቴ፣ ጆሮዬ ተቃጠለ እኮ!» ብትል ነው ነገሩ የታወቀው።

ሁለት ጊዜ ደግሞ ቤታቸው መጥቶ ጨዋታ አየ። ሁለቱንም ቢጫዎቹ ተሸነፉ።

በጥር ወር፣ ከፍጻሜው የመጨረሻ ጨዋታ በፊት፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሊጠይቃት መጣ።

«ዶን ኤውሴቢዮ፣ ልጅዎን ለትዳር ፈልጌ ነው።»

«አንተ የማን ደጋፊ ነህ?»

«የቢጫዎቹ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«እሱ ነው ጉዱ! የሰማያዊዎቹ ብትሆን ዛሬውኑ እድርልህ ነበር፤ ገደቢስነትህ ለእነሱ ይሆን ነበራ!» ሽማግሌው አልሳቀም። «ስማኝ። ጨዋታውን እዚህ ቤት ተቀምጠህ ታያለህ። እስከ መጨረሻው ተቀምጠህ ካሸነፍን ልጄን ትወስዳለህ። ከተሸነፍን ደጃፌን እንዳትረግጥ።»

ኔሬይዳ አባቷን ወጥ ቤት አገኘችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አባዬ፣ እኔን በኳስ ታስይዘኛለህ?»

«በኳስ አይደለም። አንቺን የሚወስድ ሰው ገድ ሊኖረው ይገባል። እኔ ገድ አልነበረኝም፤ እናትሽ የሆነችውን አይተሻል።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ ቢጫዎቹ ዋንጫ አላነሱም፤ አባቷም ከልቡ ስቆ አያውቅም። ለእሱ ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው። ይህን ብቻውን የቀረ ሰው ያለ ፈቃዱ ጥላው ብትሄድ ራሷን ይቅር አትልም፤ ያለ ራዳሜስ መኖሩም አልታይ ብሏታል።

ጨዋታው ሲጀመር ራዳሜስ በሩ አጠገብ ባለች የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

«አይዞህ፣» አለችው ዶኛ ታቲካ ጥብስ ሙዟን እያላመጠች፣ «ዛሬ አንተ የእኛ ምርጥ ተጫዋች ነህ።»

«ታቲካ፣ አፍሽን ለሙዙ ተይው!» አለ ዶን ኤውሴቢዮ።

«ሙዙ የናንተ፣ ዋንጫው የኛ።»

ስምንተኛው ዙር ላይ ቢጫዎቹ በሁለት ነጥብ እየተመሩ ነበር። ዶኛ ታቲካ እንኳ መልከፏን ትታለች፤ ይህ ነው ኔሬይዳን ያስፈራት። ሽማግሌው ፊቱ አመድ መስሎ የሚስቱን ወንበር ክንድ ይዟል። ኔሬይዳ ወደ ራዳሜስ ዞረች። እሱ ጨዋታውን አያይም፤ አባቷን ነው የሚያየው። ከዚያ እሷን አያት። ረዘም አድርጎ ነበር ያያት፤ የሆነ ነገር የሚለምን ይመስል ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። የሜዳው ጩኸት ወደ ቴሌቪዥኑ መለሳት።

ተመልሳ ስትዞር የፕላስቲክ ወንበሩ ባዶ ነው። ላዩ ላይ ኮፍያው ብቻ ተቀምጧል።

የቀረው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። በዘጠነኛውና በመጨረሻው ዙር ቢጫዎቹ ሁለት ሯጭ አስገቡ፤ እኩል ሆኑ። የመጨረሻው መቺ ኳሷን በሁለት ተከላካዮች መሐል ላካት፣ ሦስተኛውም ሯጭ ገባ። ዶን ኤውሴቢዮ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። ኔሬይዳን አቅፎ አሽከረከራት፣ «ክላሪሳ! አየሽ ወይ ክላሪሳ!» እያለ የሚስቱን ስም ጠራ።

ከዚያ ባዶውን ወንበር አየ።

«መቼ ነው የወጣው?»

«ስምንተኛው ላይ፣» አለች ዶኛ ታቲካ። «እሱ እንደወጣ ነው የተነሳችሁት።»

ኔሬይዳ ሮጣ ወጣች። መንገዱ በጥሩምባና በጭፈራ ተሞልቷል። ራዳሜስ መስኮቱ ሥር፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«አሸነፍን አይደል?» አላት።

«ተሸነፍን። እኔና አንተ ተሸነፍን።»

«አባትሽን አየሁት። ከእናትሽ ወዲህ አልሳቀም ብለሽኝ ነበር። ተቀምጬ ብንሸነፍ አንቺም ትሄጃለሽ፣ እሱም አይስቅም። ቢያንስ እሱ ይሳቅ ብዬ ነው።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ? እሱ በወንበር ያስይዘኛል፤ አንተ ወንበር ላይ ጥለኸኝ ትሄዳለህ!»

ሰው በሚጨፍርበት መንገድ ላይ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ዶን ኤውሴቢዮ ኮፍያውን ይዞ መጥቶ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ገደቢስ ነህ። ዛሬ አገር ምስክር ሆነ።»

«አዎ፣ ዶን ኤውሴቢዮ።»

«እሷን እንደምታጣ እያወቅህ ነው የወጣኸው?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ኮፍያውን በእጁ አገላበጠው። «ክላሪሳ ስትታመም፣ ከቤት ውጣና ትድናለች ያለኝ ሰው ቢኖር እስከ ባሕሩ በእግሬ እሄድ ነበር። ማንም አላለኝም።» ኮፍያውን ራዳሜስ ራስ ላይ ደፋለት። «እኔ ፈቅጃለሁ። ቁርጡን ግን የምትነግርህ እሷ ናት። ደግሞ ጨዋታ ባለ ቀን እግርህ ቤቴ አይገባም!»

«ሁለታችሁም አናዳችሁኛል፣» አለች ኔሬይዳ እንባዋን እየጠረገች። «ነገ ጠይቁኝ።»

በነጋታው ጠየቋት። እሺ አለች።

ከዚያ ወዲህ የፍጻሜው ሰሞን ሲደርስ መስኮቱ ሥር፣ ውጭ፣ ሁለት ወንበር ይወጣል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው የማያዩትን ጨዋታ ይሰማሉ። ዶን ኤውሴቢዮ በመስኮት ሙዝ ያቀብላቸዋል፤ ቢጫዎቹ ሲቀናቸው አንገቱን አውጥቶ «አስቆጠርን!» ይላል። ዶኛ ታቲካ ከኋላው «ውሸቱን ነው!» ትላለች።

ባለፈው ክረምት ዶን ኤውሴቢዮ አረፈ። ጥር ገባ፤ ፍጻሜው ደረሰ።

«ግባ እንግዲህ፣» አለችው ኔሬይዳ። «የሚከለክልህ የለም።»

ራዳሜስ ኮፍያውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆመ። በውስጥ በኩል መስኮቱ ሥር የተጠጋጉትን የሽማግሌውንና የክላሪሳን ባዶ ወንበሮች አየ።

«አይሆንም፣» አላት። «አሁን እኮ ሁለቱም ናቸው የሚያዩት።»

ወጥተው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። እንደ ሽማግሌው የሚነግራቸው ስለሌለ ውጤቱን አያውቁም። ጎረቤት ሲጮህ ለየትኛው እንደሆነ አይለዩም። ኔሬይዳ የባሏን እጅ ይዛ ወደ መስኮቱ ላለማየት ትታገላለች።

በድንገት መጋረጃው ተገለጠ። ውስጥ ብቻዋን ጨዋታውን ስታይ የቆየችው ዶኛ ታቲካ ሽበታም ራሷን አወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰማያዊዎቹ የጮኸች ሴት ናት።

«አስቆጠርን፣» አለች፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ቢጫዎቹ ማለቴ ነው... አስቆጠርን፣ ልጆቼ።»