ከእማዬ ጎን ያለው ባዶ አልጋ

ሕልም ነው የሚለኝ ካለ ይለፈው። እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ቀን ስምንት ሰዓት ነው፤ የሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል ወለሉ ፀሐይ በፀሐይ ሆኗል።

እማዬ ሆዷን ኦፕራሲዮን በሆነች ማግስት ነው። ከጎኗ አንድ ባዶ አልጋ አለ... አንሶላው ተወጥሮ የተነጠፈ።

ሲስተሯ መጣች።

«እማማ፣ ሕመሙ ከአስር ስንት ይሆናል?»

«ኧረ ተመስገን፣ ምንም አያመኝ ልጄ።»

ባዶው አልጋ አቃሰተ።

ዞር አልኩ... ማንም የለም። ሲስተሯም ደንግጣለች።

«ትዋሽሻለች ሲስተር» አልኩ። «አንሶላ ስትነክስ ነው ያደረችው።»

«ወይ አንቺ! ሰው ፊት ታዋርጅኝ? አንቺን የመሰለች ነዝናዛ አምጬ የወለድኩ ሴት፣ በዚህች ላለቅስ?»

በሽተኞቹ ሳቁ።

አልጋው ግን እንደገና አቃሰተ። ትራሱ መሃሉ ጎድጉዷል... ጭንቅላት እንዳረፈበት።

ሲስተሯ ጆሮዬ ሥር ገባች።

«እዚህ ክፍል ግማሹ ያመዋል። ስጠይቅ የሚነግረኝ የለም። እዛ አልጋ ላይ ደግሞ ሰው አናስተኛም...»

«ለምን?»

«ሕመሙን የደበቀ ሰው መጨረሻው እዛ ነው። እናትሽ ራሷ ያመኛል ትበል። ቶሎ!»

የእማዬን እጅ ያዝኩት። በረዶ ነው። ፊቷ ላይ ሕመም የለም... ምንም የለም። ዓይኗ ከባዶው አልጋ አይነቀልም።

«ልጄ... እዛ ልተኛ? ቦታ ለቀውልኛል።»

የአንሶላው ጠርዝ በራሱ ጊዜ ተገለጠ።

እኔ እንደሆን ግትር ነኝ። ሁለቱ አልጋዎች መሃል ገብቼ ተገተርኩ።

«የትም አትሄጂም! ያመኛል በይ!»

«አያመ...»

«እማዬ! ችላው ሞተች እንዲሉሽ ነው? በይ!»

ዓይኗን ከባዶው አልጋ ነቅላ አየችኝ። ከዛ ጮኸች። እሷን እንዲህ ስትጮህ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

«ያመኛል! አስር ነው! አስር!»

ሲስተሯ ማስታገሻውን ወጋቻት። ቀስ በቀስ እጇ ሞቀ፣ ትንፋሿ ረጋ። እንቅልፍ ወሰዳት። የወዲያኛው ትራስም ጉድጓዱ ሞላ።

እፎይ አልኩ።

ሲስተሯ ላቧን ጠርጋ ወደ ቀጣይዋ በሽተኛ አለፈች። እግራቸው የተሰበረ ጨዋ ባልቴት ናቸው።

«እርስዎስ እማማ?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ የባሰበትን እዪ።»

ከኋላዬ የባዶው አልጋ ሽቦ ሲጥጥ አለ።

ዞሬ አየሁ...

አንሶላው ግራና ቀኝ በጡጫ ተጨምድዷል። ጡጫው ግን የለም።