ማንም የለኝም ያለች እህት

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። በውሃ ክፍያ ቢሮ፣ ሰው ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ። ውሃ የተቆረጠበት ሰው የማያመጣው ታሪክ የለም። አንዱ ሚስቴ ሞታብኝ ነው ይለኛል፤ በሳምንቱ ከሟቿ ጋር ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ይዤ የወጣሁት የወገብ ሕመምና አንድ እውቀት ነው። ሰው እውነቱን የሚደብቀው ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እውነቱ ያነሰና የማይበቃ እየመሰለው ነው። ይህን ለመጻፍም ደክሞኝ ነበር። ነገር ግን ያው ስህተት በየቤቱ ሲደጋገም እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ታሪኩ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ሲሄድም ሲቆምም ይሰማኛል። የፊተኛው ክፍል ሱቋ ነው፤ ሁለት መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ኮሌታ ያልገባላቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች። በኋለኛው ክፍል ባሏ ተኝቷል። አናጢ ነበር፤ ከጣሪያ ላይ ወድቆ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። አፉ ግን ደህና ነው።

ልብስ ሰፊዋን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናትና አባት ቀድመው ስለሞቱ ኮሌታ ማዞሩንም፣ ጠርዝ መዘምዘሙንም፣ ሰው ፊት ቀና ብሎ መሄዱንም ያስተማረቻት እሷው ናት። ታላቅየዋ አውሮፓ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እዚያ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ስትሠራ ኖራ፣ አሁን ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሞቹ መዳኛ እንደሌለውና እይታዋ እየጠበበ ሄዶ እንደሚዘጋ ነግረዋታል። አንድ ቀን ደውላ እንዲህ አለች።

«ፊትሽን በስልክ ማየት ሰለቸኝ። ብርሃኑ ሳይጠፋ ነይና አንዴ በደንብ ልይሽ። ከዚያ ወዲያ ቢጠፋም አይቆጨኝም።»

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ገበያ ወጥታ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ይዛ መጣች። እህቷ ከሩቅ የሚታያት ደማቅ ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከሰው መሃል እንድትለያት ለራሷ ቀሚስ ልትሰፋበት ነው። እስከዚያ ዕድሜዋ ቀይ ለብሳ አታውቅም ነበር። ባሏ «አንቺን ካላየች እንግዲህ የእሳት አደጋ መኪናም አይታያትም» ብሎ ሳቀባት።

የቀረው ቪዛው ነበር። በሰፈራችን ደግሞ ቪዛ ሲነሳ የሚጠራው አንድ ሰው ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። ቅጽል ስሙ «ቆንስሉ» ይባላል። ማዕረጉን ያገኘው ቪዛ ሰጥቶም አግኝቶም አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ ተከልክሎ ነው። እኛ ዘንድ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ደጋግሞ የወደቀ ሰው መንገዱን ያውቀዋል ይባላል። ቆንስሉ ክፉ ሰው አይደለም። ለሰው ጉዳይ ሲል ሥራውን ጥሎ ይዞራል፤ ቤሳ አይቀበልም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በነጻ የሚደክምልህን ሰው እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዝሃል።

መጣና የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ስሚኝ። እህት አለችኝ ካልሽ፣ እዚያው ልትቀር ነው ይሉሻል። እህቴ ታማለች ካልሽ፣ ላስታምም ብላ ልትቀር ነው ይሉሻል። ባሌ አልጋ ላይ ነው ካልሽማ አለቀ፤ ከመከራዋ ልትሸሽ ነው ይላሉ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔን የጣሉኝ በዚህ በዚህ ነው!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ቱሪስት ነሽ። ሙዚየም ልታዪ ነው የምትሄጂው። ባልሽ ሥራ ተቋራጭ ነው። እዚያ አገር ደግሞ ማንም የለሽም።»

ከኋለኛው ክፍል የአናጢው ድምፅ መጣ። «ከመቼ ወዲህ ነው አልጋ ላይ ሆኜ ሕንፃ የማቆመው? ይልቅ እኔን እንዳለሁ ጻፉኝ። እሷን የሚመልሳት እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔን ጥላ የት ትቀራለች?»

«ወንድምዬ፣ ይሄ የአንጀት ጉዳይ አይደለም፤ የፋይል ጉዳይ ነው» አለ ቆንስሉ።

እኔ የሱሪዬን ዚፕ ላስቀይር መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ልጄ፣ ከመስኮት ጀርባ ያለ ሰው ያማረ ታሪክ ሲሰማ ነው የሚውለው። ያማረውን ከመልመዱ የተነሳ የሚጠረጥረውም እሱኑ ነው» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! የውሃ ቢልና ቪዛ አንድ ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ሱሪዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊዋ ምክሩ አልጣማትም። ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ለእሷ ሲል ፀሐይ ላይ ሲንከራተት እያየች «ይቅርብኝ» ማለት አፏ ላይ አልመጣ አለ። እህቷ እዚያ ካለው ማዘጋጃ ቤት አሠርታ የላከችው የግብዣ ወረቀት ሲደርስ ቆንስሉ «ይህን ነፍስ ያለው ሰው እንዳያይብሽ» አላት፤ እሷም ከጨርቅ ሣጥኑ ሥር ከተተችው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፔዳሉን እየረገጠች የሙዚየም ስም ታጠናለች። ባሏ ከአልጋው ላይ ይፈትናታል።

«እሺ እመቤት ቱሪስት፣ ምን ሊጎበኙ ይመጣሉ?»

«ሥዕል።»

«የማንን ሥዕል?»

«የ... የሞተ ሰውዬ።»

«በቃ አልፈሻል» ይላታል። ይስቃሉ። እኔ በግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስሰማ ሳቁ ያሳዝነኝ ነበር።

የቀጠሮዋ ቀን ደረሰ። ያንን ቀን እሷ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። ኤምባሲው በር ላይ ጥበቃው ስልኳንና የውሃ ኮዳዋን ተቀበላት። ውስጥ ወንበሮቹ ከመሬት ጋር የተበየዱ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ቁጥር የሚጠራበትን ሰሌዳ ያያል። የሚያወራ የለም። የእያንዳንዱ ከንፈር ግን ይንቀሳቀሳል፤ ሁሉም የየራሱን ያጠናል። ተራዋ ሲደርስ የጣት አሻራዋን ወሰዱና ወደ መስኮቱ ላኳት። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ሴት ዓይኗ ድክም ያለ ነበር። ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት፣ ስለ ሙዚየሙ ጠየቀቻት። ከዚያ፦

«እዚያ አገር ዘመድ ወይም የሚያውቁት ሰው አለዎት?»

«ማንም የለኝም።»

ወጣቷ መጻፏን አቁማ ቀና አለች። «እርግጠኛ ነዎት? እህት፣ ወንድም?»

«የለኝም። ማንም የለኝም።»

«ጋሼ» አለችኝ በኋላ፣ «አፌ ተናገረው፣ ጆሮዬ ደግሞ ሰማው። ያሳደገችኝን እህቴን በቁሟ ቀበርኳት። ስወጣ ስልኬን የሰጠኝ ጥበቃ ‹እናቴ፣ አመመዎት?› አለኝ።»

መልሱ በፖስታ መጣ። የቀረበው የጉዞ ምክንያት እምነት የሚጣልበት አይደለም ይላል። ምክንያቱንም አብራርቶታል፤ ለካስ ያ ማዘጋጃ ቤት የግብዣውን አንድ ቅጂ በቀጥታ ለኤምባሲው ልኮት ኖሯል። ያቺ ደክሟት የነበረች ወጣት «እህት፣ ወንድም?» ብላ ስትጠይቃት የእህቷ ስም ፊቷ ላይ ተዘርግቶ ነበር። መውጫ በር እየከፈተችላት ነበር ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊዋ በገዛ እጇ ዘጋችው።

አናጢው ወረቀቱን አንብቦ ደረቱ ላይ አስቀመጠው። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኛስ ማደርም አልቻለም» አለ። ቆንስሉ «በሌላ መንገድ እንሞክራለን» ብሎ ሊጀምር ሲል ወንድሙ እጁን አነሳበት።

አዲስ ቀጠሮ ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነበር። ወራት አለፉ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዩኒፎርሞቹ ከግድግዳው ወረዱ። ቀይ ቀሚሱ ብቻ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ በየቀኑ አቧራውን ታራግፍለታለች። ከእህቷ ጋር ስታወራ ሁልጊዜ ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ከፊቷ ፊት ለፊት ትይዘዋለች፤ አዘውትራ ብርሃን ወዳለበት ትዞራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔም ቆንስሉም እዚያው ሱቅ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዷ ወደ መስኮቱ ዞራ ስልኩን ዘረጋችው።

«እትዬ፣ እታይሻለሁ? ወደ ብርሃኑ ልዙር?»

የታላቅየዋ ድምፅ እርጋታ ነበረው።

«ተይው እህቴ። ክንድሽን አታድክሚ። ከእንግዲህ ወደ ጆሮሽ አድርጊው።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን እንደዘረጋችው ቀረች። ቆንስሉ ከጠረጴዛው ጫፍ ወረደና ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። ይምላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» የሚለው መሐላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ያዘጋጀነው አናጢው አልጋ ዙሪያ ተቀምጠን ነው። «እኔን ከነአልጋዬ ጻፉኝ» አለ። የሕክምና ወረቀቱ ገባ። ለሚቀጥለው ዓመት ዩኒፎርም ከትምህርት ቤቱ ጋር የተዋዋለችበት ገባ። የእህቷ ግብዣ ከጨርቅ ሣጥኑ ሥር ወጥቶ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። ባሏን እስክትመለስ የሚያስታምመው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ቆንስሉ «እኔ» ብሎ ፈረመ። መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ «ባለፈው ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ እህት አለችኝ» ብላ በራሷ እጅ ጽፋ አስገባች።

እውነት ተናግራ በሩ ወዲያው ተበረገደላት ብዬ አልዋሻችሁም። አንድ ጊዜ የዋሸን ሰው ማመን እዳ ነው፤ ከመስኮት ጀርባ ኖሬበታለሁና አውቀዋለሁ። ደጋግመው ጠሯት፣ ደጋግመው ጠየቋት፣ ብዙ አስጠበቋት። በመጨረሻ ግን ፓስፖርቷ ቪዛ ተለጥፎበት መጣ። ቤቱ ውስጥ እልል ያለ አልነበረም። አናጢው ብቻ «ቀሚሱን ልበሽው» አላት።

«ለማን?»

«ልበሽው ግድ የለሽም። ለእሷ ነው የሰፋሽው።»

ሄደች፤ በተባለው ቀንም ተመለሰች። በማግስቱ ለባሏ፣ ለቆንስሉና ለእኔ የሆነውን ነገረችን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እህቷ ነጭ ዘንግ ይዛ አንዲት ጎረቤቷ ክንዷን ደግፋት ቆማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በቀይ ቀሚሷ ፊት ለፊቷ ቆመች። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው፤ እህቷ ብቻ አላየችውም።

«ድምፅ ሳሰማ አቀፈችኝ» አለችን። «ከዚያ እጇ ወደ ኮሌታዬ ሄደ። ዳሰሰችው፤ ጠርዙን በጥፍሯ ተከተለችው። ‹ቀጥ አድርገሽ አዙረሽዋል› አለችኝ። ‹ቀለሙ ምንድን ነው?› ስትለኝ፣ ‹ቀይ› አልኳት፤ ‹ከሩቅ እንድትለዪኝ ብዬ ነበር›። ቤት ደርሰን ስንቀመጥ ነው ‹ምን አዘገየሽ?› ያለችኝ።»

ቆንስሉ መሬት መሬቱን ያያል፤ ልብስ ሰፊዋ ቀጠለች።

«በኤምባሲው ላላክክ እችል ነበር፤ በሌላ ሰውም ላላክክ እችል ነበር። ግን ‹እትዬ፣ ሲጠይቁኝ ማንም የለኝም ብያቸው ነው› አልኳት። እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችም። ‹እኔ ደግሞ› አለችኝ፣ ‹ዓይኔን ላየው ሐኪም ሁሉ፣ እህት አለችኝ፣ ትመጣለች እያልኩ ነበር።›»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ የተጠራቀመ ሥራ ነበረባት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ የአንዲት ሴት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቪዛውን የሚሰጠውም የሚከለክለውም ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ ሥልጣን የለንም። እውነት ተናግሮም የሚከለከል አለ። በገዛ አፋችን ላይ ግን ሥልጣኑ የእኛ ነው። የታመመ ባልን፣ ትንሽ ሱቅን፣ የምትጠብቅ እህትን እንደ ነውር መደበቅ ልማድ አድርገነዋል፤ ይሉኝታ ይዞን ያላመንበትን ምክር እሺ እንላለን። ምክር ሰጪው ምክሩን ሰጥቶ ቤቱ ይገባል። መስኮቱ ፊት ቆሞ የሚናገረው፣ ከተናገረውም ጋር የሚኖረው፣ ባለጉዳዩ ብቻውን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ቆንስሉን ፍለጋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ መጣ። ፋይሉን እንደ ሁሉም ሰው ደረቱ ላይ አቅፎታል። አጎቱን ሊጠይቅ መሄድ ይፈልጋል።

«ታዲያ እዚያ ማን አለህ ሲሉኝ፣ የለኝም ልበል አይደል?» አለው።

ቆንስሉ ባዶውን ሚስማር አየ፤ ቀይ ቀሚሱ እህትየዋ ዘንድ ቀርቷል፤ ልዳስሰው ብላ አስቀርታዋለች።

«አለኝ በል» አለው። «ይከለክሉህ ይሆናል፤ እኔን እንደሆን ሦስቴ ከልክለውኛል። ቢከለክሉህ ግን አጎት ያለህ ሰው ሆነህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ።»