ፊቱ አይሸፈንም

«ሦስተኛውን አቀብይኝ» አሉ አክስቷ ሻዚዬ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው።

ቫልቦና ወፍራሙን ቀይ ጨርቅ እንደያዘች ቆመች። በሚወዛወዘው የእንጨት አልጋ ላይ ሁለት ጨርቅ ተደርቧል። ከሥሩ ሦስተኛ ወሩን የያዘው ወንድሟ ትሪም፣ ክንዶቹ ከጎኑ ጋር በመቀነት ታስረው ተኝቷል። ፊቱ አይታይም። የበጋው ሙቀት የክፍሉን ግድግዳ ሳይቀር አግሎታል።

«ይሞቀዋል እኮ፣ አክስቴ።»

«ዓይን ከሚበላው ይሙቀው! ከጀርመን የመጣው ዘመድ ሁሉ ዛሬ ሊያየው ነው። አንቺንም እንዲሁ ሸፍኜ ነው ያሳደግኩሽ፤ ሞትሽ እንዴ?»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን በጀርባው ይተኛ፣ ፊቱ ላይ ምንም አይደረብ፣ ትራስም አይደረግለት ብላለች። ሊታፈን ይችላል አለች።»

«ነርሷ ስንት ወልዳለች?» ጨርቁን ከእጇ መንጭቀው ደረቡት። ዓይን ይመልሳል ብለው ራስጌው ላይ ነጭ ሽንኩርት አንጠለጠሉ። «እንግዶቹ ሲመጡ አንቺ ወጥ ቤት ነሽ፤ እስኪሄዱ እዚህ እንዳላይሽ።»

አባቷ ለሥራ ጣሊያን ሄዷል። እናቷ ከተማ ጫማ ፋብሪካ ውላ የምትመጣው ሲመሽ ነው። ቫልቦና አንድ ጊዜ ብትነግራት፣ «አክስትሽን አታስቀይሚብኝ። እሳቸው ባይኖሩ ልጁን ለማን ትቼ እሠራለሁ?» ብላት ተኛች። ከዚያ ወዲህ ቫልቦና የራሷን ዘዴ ያዘች፤ አክስቷ ሲወጡ ትገልጠዋለች፣ ኮቴያቸውን ስትሰማ መልሳ ትሸፍነዋለች። ለማንም አልተናገረችም። የምትነግረውም ሰው አልነበራት።

ዛሬ ግን ወጥ ቤት ከገባች ማን ይገልጥለታል?

ባሕር ዳርቻ ለሄደችው ጓደኛዋ ለብሌርታ፣ «ልጁን ሸፍነውብኛል፣ ፈርቻለሁ» ብላ ጻፈችላት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ሕፃን ነው፣ ይተኛል በቃ! ነይ እንጂ ጀለስ፣ እዚህ ቀውጢ ነው!» ከሥሩ የአራት ልጃገረዶች ፎቶ አለ። ቫልቦና ስልኩን ደፋችው።

ግቢው ውስጥ ካለው የወይን ሐረግ ሥር የእንግዶቹ ሳቅ ሲደምቅ፣ የብርጭቆውን ትሪ ወጥ ቤት ጥላ ወደ ክፍሉ ገባች። ጨርቆቹን አንድ በአንድ አነሳች። የወንድሟ ፀጉር በላብ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል። ጉንጩ ቀልቷል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መቀነቱን ስትፈታለት ሁለቱም እጆቹ ወደ ጆሮው ከፍ አሉ። ላቡን ጠረገችለት፣ ትራሱን ከራሱ ሥር አወጣች፣ በጀርባው አስተካክላ አስተኛችው። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ረጋ።

የአክስቷ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። የቫልቦና እጅ እንደ ልማዱ ወደ ጨርቁ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ሦስቱንም አጣጥፋ ወንበር ላይ አደረገችና ተቀመጠችባቸው።

አክስቷ ከጀርመን ከመጣችው ፈርዴዝ ጋር ገቡ።

«ጨርቁስ?»

«ተቀምጬበታለሁ።»

ፈርዴዝ ሳቋን ለቀቀችው። «ውይ ሻዚዬ! ይህቺ ደግሞ መቼ ወለደች?»

የቫልቦና ፊት ጋለ።

«ተነሺ!» አሉ አክስቷ።

«አልነሳም፣ አክስቴ። ከፈለጉ ሽንኩርቱንም ቀዩንም ጨርቅ እኔው በሩ ላይ እሰቅላቸዋለሁ፤ ዓይን ካለ ከበሩ ይመለስ። እሱ ላይ ግን አይደረብም።»

«እናትሽ ትምጣ! ጉድሽን ነው የምነግራት!»

«እኔም እነግራታለሁ። እርስዎ ሲወጡ ሁልጊዜ እገልጠው ነበር።»

ፈርዴዝ ወደ አልጋው ጎንበስ ብላ፣ «ማሻላህ፣ አባቱን ቁርጥ!» አለች። አክስቷ ዓይን እንዳይበላው ቶሎ ብለው እንትፍ እንትፍ አሉበትና የፈርዴዝን ክንድ ይዘው አወጧት። በሩን አልዘጉትም።

ውጭ ሳቁ እንደገና ቀጠለ፤ መሃል ላይ ስሟን ሲያነሱ ሰማች። የሚጠራት ግን አልነበረም። ምሳ ሲቀርብም ሰሃን ይዞላት የመጣ የለም። ጠረኑ ብቻ በመስኮቱ ገባ።

ቫልቦና የልጁ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እንዲታያት ወንበሩን አስጠጋች። እናቷ እስክትመጣ ገና ብዙ ሰዓት አለ። እናቷ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ መጀመሪያ የምትላትን ቃል በልቧ መለማመድ ጀመረች፤ «ፊቱ አይሸፈንም።»