በጉም የመጡት የጁሀራ ላሞች

መጀመሪያ የሰማነው ቃጭሉን ነው።

ምንም አይታይም። ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ አጥሩንም መንገዱንም ውጦታል። ከነጩ ውስጥ ብቻ... ቋ... ቋ... ቋ...

ጋሽ ጎሹ መርፌ የሚቀቅሉበትን ድስት ክዳን እንዳነሡ ቀሩ።

ቃጭሉን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከጣሊያን መድፍ ቀለህ የተሠራ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ እንደ ጉንፋናም ሰው የሚያስል ቃጭል ነው። እንደሱ ያለ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

እሱ ደግሞ... ከላሚቱ ጋር ተቀብሯል።

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በዓይኔ ያየሁት ነው። ኅዳር 8 ቀን 1963፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከጎባ በላይ ከብት የምንከትብበት ግቢ። ሌሊት አልነበረም። አልጠጣሁም። ትኩሳትም አልነበረብኝም። ለማስረጃ ያለኝ ጫፉ የተቦጨቀ አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ብዙነህ እባላለሁ። የጎባ ልጅ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ጓደኛ የለኝም ማለት ይቻላል። ከብት አጠገብ ስቆም ግን ልቤ ይረጋል። ስለዚህ እኩዮቼ ለአስተማሪነትና ለጸሐፊነት ሲሻሙ፣ እኔ የከብት ሐኪም ረዳት እሆናለሁ አልኩ።

"አሥር ዓመት ያስተማርኩህ የላም ጭራ እንድታነሣ ነው?" አለች እናቴ።

የሰፈሩ ሰው "ዶክተር በሬ" ይለኝ ጀመር። ግድ አልሰጠኝም። ሸዋ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቼ ነበር። የሚቀበሉት የመስክ ሥራ ጨርሶ አለቃው የፈረመለትን ነው። አለቃዬ ጋሽ ጎሹ ናቸው።

የሚያስፈልገኝ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከብድሬ በኩል ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ እየመጣ ነበር። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ የገባበት በረት ባዶውን ይቀራል። እኔ እከትባለሁ፤ ጋሽ ጎሹ የተከተበውን ከብት ቀኝ ጆሮ በፒንሳ ቦጨቅ ያደርጉታል። ወደ ሆራው፣ አገር ምድሩ ከብቱን ወደሚያጠጣበት ጨዋማ ምንጭ፣ የሚወርደው ጆሮው የተቦጨቀ ብቻ ነው። ሌላውን ዘበኞቹ ይመልሱታል።

"መድኃኒቱ ሕያው ነው" ይሉኝ ነበር ጋሽ ጎሹ። "በረዶ ላይ ይኖራል። ከሞቀ ይሞታል። የሞተ መድኃኒት ውሃ ነው፣ ልጄ።"

ጥቅምት 12 የዙራችን መጨረሻ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶው አለቀ። ሰዉ ሁሉ ሄዷል። ከአጠና በተሠራው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሰባት ላሞች ቀርተዋል፤ የፊተኛዋ አንገት ላይ ያ የተሰነጠቀ ቃጭል ያስላል።

የአደ ጁሀራ ላሞች ናቸው። ባልም ልጅም የሌላቸው፣ ከሃረና ሁለት ቀን ነድተው የመጡ አሮጊት።

ጠርሙሱን ነካሁት። ለብ ብሏል።

ወደ ጋሽ ጎሹ ጆሮ ተጠጋሁ።

"ሞቋል።"

"አውቃለሁ።"

"ማክሰኞ በረዶ ሲመጣ ይመለሱ እንበላቸው።"

"ዙሩ ዛሬ ይዘጋል።"

"እኮ... ግን..."

"አንተ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱን ትፈልጋለህ አትፈልግም?"

መርፌውን አነሣሁ።

"እንግዲያው ውጋ።"

ወጋሁ። ሰባቱንም። ጋሽ ጎሹ ጆሯቸውን ቦጨቁ።

አደ ጁሀራ እሳቸውን አልጠየቁም። እኔን ጠየቁኝ።

"ኢልመ ኮ... ልጄ... እንግዲህ ላሞቼ ሆራ ይውረዱ? አይሞቱም?"

"አይሞቱም፣ አደ።"

መዳፌን ይዘው ቱፍ ቱፍ ብለው መረቁኝ። "እጅህ መድኃኒት ይሁን።"

አመሻሽ ላይ ጋሽ ጎሹ ወረቀቴን ፈረሙ። "የመሄጃህ ቀን ሲደርስ እሰጥሃለሁ" ብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ፣ አሊዪ የሚባለው የሆራው ዘበኛ መጣ። አልተቀመጠም።

"ደስታ ሆራው ድረስ ገባ። የአሮጊቷ ላሞች አለቁ። ሰባቱም" አለን። "ወላሂ፣ ጆሯቸውን አይቼ ነው ያስገባኋቸው።"

"እሳቸውስ?" አልኩ።

"መሪዋ ቡሬ ስትወድቅ አንገቷን አቅፈው ተቀመጡ። ተነሡ ብንል እምቢ አሉ። ጧት ስንመጣ... ደርቀዋል።"

"ቃጭሉስ?"

ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

"ከነቃጭሉ ነው የቀበርናት።"

ከዚያች ሰዓት ወዲህ የጋሽ ጎሹ ሥራ አንድ ብቻ ሆነ። ፒንሳውን ይጠርጋሉ። ያስቀምጡታል። መልሰው ያነሡና ይጠርጋሉ።

እና ማክሰኞ ጠዋት... ቋ... ቋ... ቋ...

ቀረበ።

መጀመሪያ ከጉሙ የወጣችው ቡሬ ናት። ዥጉርጉር፣ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የታጠፈ። ከኋላዋ ስድስቱ። ማንም አልነዳቸውም። ተራ በተራ መተላለፊያው ውስጥ ገቡ። ያን ቀን በቆሙበት ተራ።

ብርድ ነበር። ስተነፍስ ከአፌ እንፋሎት ይወጣል። ከላሞቹ አይወጣም።

ሌሊቱን ዘንቦ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ኮቴያቸውን አየሁ... ጭቃው አልተነካም።

ጆሯቸው ይደማል፤ አሁን የተቦጨቀ ይመስላል። ደሙ ይንጠባጠባል... መሬት ግን አይደርስም።

"ጋሽዬ... ያዩታል?"

"ዝም በል።"

"እነዚህ እኮ..."

"ዝም በል አልኩህ!"

የጋሽ ጎሹ ድምፅ የሕፃን ድምፅ ነበር።

በመጨረሻ አደ ጁሀራ ወጡ። በትራቸውን ይዘዋል። ሻሻቸው ላይ አፈር አለ። ጋሽ ጎሹን አላዩአቸውም። እኔን አዩኝ።

"ኢልመ ኮ። ማክሰኞ ይመለሱ አልክ። ይኸው ተመለስኩ።"



ያን ቃል ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። በጋሽ ጎሹ ጆሮ ነው ያንሾካሾክሁት...

ለአዲሱ ዙር በረዶው በማለዳ ደርሶልን ነበር። ሳጥኑ ሞልቷል። ምን ላድርግ? አዲስ ጠርሙስ ከፈትኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሕያው ነው። ቀዳሁና ቡሬ አንገት ላይ እጄን አሳረፍኩ። የወንዝ ድንጋይ ነካሁ።

መርፌው ምንም ሳይገታው ሰተት ብሎ ገባ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

ለሁለተኛዋም። ለሦስተኛዋም። ሰባተኛዋ ጋ ስደርስ እንባዬ ይወርዳል።

አደ ጁሀራ መዳፌን ያዙ። ቱፍ ቱፍ አሉ። ምራቅ ግን አልነካኝም።

"እጅህ መድኃኒት ይሁን።"

ድምፃቸው ውስጥ ቂም የለም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዞሩ። ጋሽ ጎሹን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩአቸው። የመንጃ በትራቸውን ብቻ ዘረጉላቸው።

ጋሽ ጎሹ ኮታቸውን አወለቁ። ከኪሱ ወረቀቴን አወጡ። አጠናው ላይ ዘርግተው የቀኝ ጫፉን በፒንሳው ቦጨቅ አደረጉት... ቀጭ።

ሰጡኝ።

"ጋሽዬ?"

በትሩን ተቀበሉ። የመተላለፊያውን መወርወሪያ ሳቡ። ላሞቹ ወጡ። አደ ጁሀራ ከፊት፣ ላሞቹ መሀል፣ ጋሽ ጎሹ ከኋላ ሆነው እየነዱ... ወደ ሳነቴ።

"ጋሽ ጎሹ! ወዴት ነው?"

አልዞሩም።

"ኮትዎን! ብርድ ነው እኮ!"

አልዞሩም።

ቋ... ቋ...

ጭቃው ላይ የሚቀረው የእሳቸው ጫማ ዱካ ብቻ ነበር። ጉሙ አሮጊቷን ዋጠ። ላሞቹን ዋጠ። የጋሽ ጎሹ ጀርባ ብቻ ቀረ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ከጭንቅላታቸው በላይ በየትንፋሹ ቡልቅ የምትል እንፋሎት።

እንፋሎቷን እያየሁ ቆምኩ።

ቡልቅ አለች።

ቆይታ... ቡልቅ አለች። ሳሳች።

በትሩን ከፍ አድርገው ላሞቹን "ሂድ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ከአፋቸው ግን እንፋሎት አልወጣም።